ኒቆላዎስ ወፍሮ መጣ

ስንክሳር በሚነበብበት ደብር ሁሉ ታኅሣሥ 10 ቀን የአንድ ጳጳስ ስም ይነሣል፤ ኒቆላዎስ ይባላል፣ የሜራ ጳጳስ። ሜራ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፣ በባሕሩ ዳር የነበረች ከተማ ናት። ሰውየውም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኖሮ ያረፈ ጾመኛ ነው። ዜናው ሲነበብ እኛ ምእመናኑ የታኅሣሥን የማለዳ ብርድ ሽሽት ነጠላችንን እስከ አፍንጫችን ስበን፣ አንዳንዶቻችንም መቋሚያ ተደግፈን እያንቀላፋን ስለምንሆን ልብ ብለን አንሰማውም። ሰምተነው ቢሆን ኖሮ፣ ሳምንት ሳይሞላው መቀሌ ሮማናት አደባባይ ላይ፣ ከአንድ ሱቅ በር ቆሞ፣ ቀይ ካፖርት ለብሶ ቃጭል ሲያቃጭል ስናገኘው "ይኼ ደግሞ የየት አገር ሰው ነው?" ባላልን ነበር።

እሱው ነው። ያው ጾመኛው ጳጳስ ነው፤ አሜሪካ ደርሶ የገና አባት ተብሎ መጥቶ እንጂ። አሜሪካ ደርሶ የመጣ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስሙን ያሳጥራል፣ ልብሱን ያደምቃል፣ ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ ምንም ሳይባል ይስቃል። የሰፈር እናቶችም ጉንጩን ይዘው "እንዴት ተስማምቶሃል!" ይሉታል። ኒቆላዎስንም ተስማምቶታል። ያልተስማማው የመጣበት ጊዜ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሥጋና ቅቤ በተሰናበተ ከተማ፣ የነቢያት ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ያን ሁሉ ስብ ተሸክሞ አደባባይ መቆም ድፍረት ይጠይቃል።

የዝናው መነሻ የሆነው ታሪክ ለመቀሌ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሀብታም የነበረ አንድ ሰው ይደኸያል። ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ አስይዞ የሚድርበት ገንዘብ ግን የለውም። ይህን አዲስ አበባ ላይ ብታወሩ "እንዴ! ጥሎሽ ይዞ የሚመጣው ወንዱ አይደለም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ትግራይ ግን ገዝሚ አለ፤ የሚያወጣው የልጅቱ አባት ነው። ሦስት ሴት ልጅ የወለደ አባት ሌሊት ሌሊት ምን እያሰላ እንደሚያድር እዚህ ያልገባው የለም። ኒቆላዎስ የዚህን ሰው ጭንቀት ሰማና ወርቅ በከረጢት ቋጥሮ፣ በሌሊት ሄዶ በመስኮት ወረወረ። ታላቂቱ ተዳረች። ለሁለተኛዋም እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው አባትየው አድፍጦ ቆየና ያዘው፤ ኒቆላዎስም "እባክህ ለማንም እንዳትናገር" ብሎ ለመነው ይላል ትውፊቱ። አባትየው ምን ያህል ምስጢር ጠባቂ እንደነበር እንግዲህ ፍረዱ፤ ይኸው 1,700 ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው እኛም ሰምተናል።

ለስላሳ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ ከተሰበሰቡት ከሠለስቱ ምዕት አንዱ ነበር፣ አርዮስ ክህደቱን ሲዘረዝር ቢሰማ ትዕግሥቱ አልቆ በጥፊ አጮለው የሚል ሌላ ትውፊትም አለ። ዛሬ ሕፃን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፎቶ የሚነሣው ሽማግሌ በዘመኑ መናፍቅ ይማታ ነበር ብሎ ለልጆች መንገር ይከብዳል። እኔ ግን እነግራቸዋለሁ፤ ሰውየውን ትንሽ ያስከብረዋል።

ካረፈም በኋላ ዕረፍት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1087 የባሪ ከተማ መርከበኞች ዐፅሙን ከሜራ አንሥተው ወደ ጣልያን ይዘውት ሄዱ። ይህን ያነበበ የትግራይ ሰው አክሱም ትዝ ሳትለው አትቀርም። ጣልያኖቹ የአክሱምን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ወስደው በ2005 መልሰውልናል፤ ኒቆላዎስ ግን ዛሬም ባሪ ነው።

ከዚያ ሆላንዶች ያዙት። ያኔ ገና ጳጳስ ነበር፤ ረጅም ቀይ መጎናጸፊያና የጳጳስ አክሊል አለው፣ ነጭ ፈረስ ይጋልባል፣ በበዓሉ ዋዜማ ጫማቸውን ምድጃ አጠገብ ለሚያስቀምጡ ልጆች ጣፋጭ ይጥላል። ፕሮቴስታንቶች ቅዱሳንን ከቤታቸው ሲያስወጡ እሱን ማስወጣት አቅቷቸው ዝም አሉት። ሆላንዶች አትላንቲክን ተሻግረው ኋላ ኒው ዮርክ በተባለችው ከተማ ሲሰፍሩ ትዝታው አብሯቸው ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1809 ዋሽንግተን ኢርቪንግ የሚባል ቀልደኛ ደራሲ የከተማይቱን የሹፈት ታሪክ ሲጽፍ ጵጵስናውን ገፈፈና ፒፓ አስጎረሰው፤ በ1812 መጽሐፉን ሲያሻሽልም በዛፎች ጫፍ ላይ በሠረገላ አስበረረው። በ1823 ደግሞ አንድ ጋዜጣ ላይ የደራሲ ስም የሌለው ግጥም ወጣ። የዕብራይስጥ መምህር የነበረው ክሌመንት ሙር ነው የጻፈው ይባላል። እዚህ ግጥም ውስጥ ሰውየው አጭር፣ ድንክ ብጤ፣ ስምንት አጋዘን የሚጎትቱት ሠረገላ ያለው ሆነ። ድንክ የሆነው ወዶ አይደለም፤ ጭስ ማውጫ ውስጥ ማለፍ ስላለበት ነው። ወርቁን በመስኮት ወርውሮ ይሄድ የነበረው ሰው በጣሪያ በኩል ቤት መግባት ጀመረ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሰፈራችን ዘበኞች የሚሉት ነገር ይኖራል።

የዛሬውን መልኩን የሣለው ቶማስ ናስት የተባለ፣ ጀርመን ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገ የካርቱን ሠዓሊ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል የታተመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1863 ሲሆን፣ አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው በሚጫረሱበት ዘመን ነበር። ሰውየው የሰሜኑ ጦር ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ ለወታደሮች ስጦታ ያድላል፤ ልብሱም የባንዲራቸው ኮከብና መስመር ያለበት ነው። እጁ ላይ አንገቱ ገመድ ውስጥ የገባ አሻንጉሊት ይዟል፤ አሻንጉሊቱ የደቡቡ ፕሬዚዳንት ነው ይባላል። ድሃ ይድር የነበረው ጳጳስ የጦርነት ቅስቀሳ ላይ ተመደበ። ናስት ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ደጋግሞ ሲሥለው ጺሙን አበዛለት፣ ሆዱን አሰፋለት፣ መኖሪያውንም ሰሜን ዋልታ አደረገለት።

ቀዩን ልብስ ኮካ ኮላ ነው ያለበሰው የሚባለውን ብዙ ሰው በልበ ሙሉነት ይናገራል። ቀይ የለበሰ የገና አባት ግን ከኮካ ማስታወቂያ በፊትም በፖስት ካርድና በመጽሔት ላይ ነበር። ኩባንያው ያደረገው ሌላ ነው። በብርድ ወራት ቀዝቃዛ መጠጥ የሚገዛ ጠፋና እ.ኤ.አ. በ1931 ሃደን ሰንድብሎም የተባለ ሠዓሊ ቀጥሮ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ጠርሙስ የያዘ፣ ደስ የሚል አያት አሣለ። ሠዓሊው መጀመሪያ ጡረታ የወጣ የሽያጭ ሠራተኛ ጓደኛውን አስቀምጦ ይሥል ነበር፤ ጓደኛው ሲሞት መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን እያየ ቀጠለ። ስለዚህ ዓለም ሁሉ የኒቆላዎስ ነው ብሎ የሚያውቀው ፊት በከፊል የራሱ የሠዓሊው ፊት ነው። ሜራ የኖረው ሰውዬ ምን ይመስል እንደነበር ሠዓሊዎቹ አልጠየቁም፤ እሱም አልተናገረ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው መቀሌ የደረሰው። ለነገሩ ከተማዋ የፈረንጅ ገና ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ የጣልያን ጦር እንዳየሱስ ኮረብታ ላይ መሽጎ ነበር፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ማለት ነው። ሻለቃ ጋሊያኖና ወታደሮቹ የገናቸውን ሻማ ያበሩት እዚያ ነው። ስጦታ የላኩላቸውም ቀይ የለበሰ ሽማግሌ ሳይሆን እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ የምንጫቸውን ውኃ አስያዙባቸው። በጥር 1888 ዓ.ም. ከንፈራቸው ደርቆ እጅ ሲሰጡ አፄ ምኒልክ ከነመሣሪያቸው በሰላም እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። ከሁለቱ ስጦታዎች የትኛውን ይበልጥ እንዳስታወሱ ጠይቆ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም።

ሮማናት ላይ ያየሁት የገና አባት ዕድሜው ከሃያ የማያልፍ ልጅ ነው። ካፖርቱ ለሌላ ሰው የተሰፋ ስለሆነ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቷል። ሆዱ ትራስ ነው፤ ትራሱ በቀበቶው ሥር እያመለጠ ወደ ጉልበቱ ይወርድና በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ ይጎትተዋል። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ አድርጓል። ጺሙ እውነተኛ ባዘቶ ነው፤ በላስቲክ ከጆሮው ጋር ታስሯል። ይህ ሁሉ አዲስ አበባ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ችግር የለውም ነበር። መቀሌ ግን ንፋስ አለ። አሸጎዳ ላይ 84 ተርባይን ያስተከለ ንፋስ የአንድ ልጅ ጺም አያቅተውም። ጺሙ አንዴ ግንባሩ ላይ ይወጣል፣ አንዴ ጀርባው ይዞራል፤ ልጁ በአንድ እጁ ጺሙን፣ በሌላው ትራሱን ይዞ፣ ቃጭሉን በምን እንደሚያቃጭል ግራ ገብቶት ቆሟል።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ነጠላቸውን አመሳቅለው ሲያልፉ ቆም አሉ። ቀይ ካፖርቱን አላዩም፤ ያዩት ጺሙን ነው። ጠጋ ብለው በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ፈተሹት።

"ወደይ፣ ይኼን የመሰለ ባዘቶ ለምን ታባክነዋለህ? ጥሩ ጥጥ ነው፤ ቢፈተል እኮ ለጋቢ ይሆናል።"

"አደይ፣ ጺም እኮ ነው። የገና አባት ነኝ።"

"ገና ዛሬ ነው እንዴ?"

"አይ፣ የፈረንጆቹ ነው።"

እናቲቱ አደባባዩን ዞር ብለው ቃኙት። ባጃጆች፣ ቲማቲም የጫነ ጋሪ፣ የሎተሪ አዟሪ፣ ጫማ የሚያስጠርጉ ሁለት ሽማግሌዎች።

"ታዲያ ፈረንጆቹ የታሉ?"

ልጁ መልስ አልነበረውም። እሳቸውም "በል በርታ፣ ብርድ እንዳይመታህ" ብለው መርቀውት ሄዱ። ከአባቱ ጋር የቆመ አንድ ሕፃን ደግሞ ሌላ ምርመራ ላይ ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። አባትየው ባዶ ካርቶን መሆኑን በሹክሹክታ ነገረው። ኳሱ ያለው ሱቁ ውስጥ ነው፣ ዋጋው ተለጥፎበታል። ሰጪው ውጭ ቆሞ ከፋዩ ውስጥ የሚገባበት ስጦታ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰውየው እኛ ዘንድ ሥራ ያጣው ግን በንፋሱ ብቻ አይመስለኝም። ቦታው ተይዟል። ለበዓል መስጠት እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ መዋያ ይባላል። ያለው ለሌለው ዶሮ ከነሽንኩርቱ፣ ዱቄት፣ ቅቤ፣ አቅሙ ከቻለም በግ ይልካል። ትዳር የያዘ ልጅ ለወላጆቹ ሙክት እየጎተተ ይገባል። ልብ በሉ፣ ስጦታው ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ከታናሽ ወደ ታላቅ። ሽማግሌ ስጦታ ተሸክሞ በየቤቱ እየዞረ ለሕፃናት ሲያድል ያየ የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚለው "ልጅ የለውም እንዴ የሚያግዘው?" ነው። ልጆች ሽማግሌ የሚወዱበት መንገድም ሌላ ነበር። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ ማለቴ ነው፣ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀርበው አገር ምድሩን ልጅ ያሳደጉት ያለ ከረጢት ነው። ይዘው የሚመጡት ተረት ነበር፤ ተረት ደግሞ ባትሪ አያልቅበትም።

ሌላው የኒቆላዎስ ችግር ምስጢረኛነቱ ነው። እኛ በግ የምንልከው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በጉም ሰፈሩን አቋርጦ እየጮኸ ነው የሚሄደው። የሠርግ ስጦታ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፣ የለቅሶ ገንዘብ በደብተር ይሰፍራል። ይኼ ክፋት የለውም፤ ብድር መላሽ ሕዝብ መዝገብ ያስፈልገዋል። በቅርብ ዓመታት ግን ነገሩ ገፋ ብሏል። ማዕድ ማጋራት የሚባል መርሐ ግብር መጥቷል። ባነር ይሰቀላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ባለሥልጣን ይጋበዛል። አንዲት አሮጊት አምስት ሊትር ዘይትና እግሯ የታሰረ ዶሮ ሊቀበሉ ይነሣሉ። ዶሮዋ ትወራጫለች፣ ካሜራው ያመልጠዋል። ፎቶ አንሺው "ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው እንድገመው" ይላል። ዘይቱ ተመልሶ ለሰጪው ይሰጣል፤ ሰጪው እንደገና ፈገግ ብሎ ይሰጣል። ዶሮዋ በአንድ ጠዋት ሦስቴ ስትሰጥና ሁለቴ ስትቀማ አይቻለሁ። ያን የሜራ ጳጳስ መስኮት ሥር አድፍጦ የያዘው አባት ካሜራ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየው ከረጢቱን ጥሎ የሚሮጥ ይመስለኛል።

ብሔራዊ ሎተሪም የገና ስጦታ የሚል ዕጣ አለው። አዟሪው ሮማናት ላይ ልክ ከቀይ ለባሹ ልጅ አጠገብ ይቆማል። ይኼኛው ቢያንስ ስጦታውን መጀመሪያ አንተ ግዛ ብሎ በግልጽ ይነግርሃል፤ ጺምም አልለጠፈም።

መቀሌ ግን የእውነት ከሰማይ የወረደ የገና ስጦታ አንድ ጊዜ አይታለች። የ2014 ዓ.ም. ገና በጦርነቱ ምክንያት ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ አውሮፕላን ቀርቶ ነው ያለፈው። ወንድም ከወንድሙ ጋር በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚጠያየቅበት መንገድ አልነበረም፤ ስለ በግ ማንም አላወራም። በቀጣዩ ዓመት፣ ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ለገና አሥር ቀን ሲቀረው፣ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። ከደረጃው የወረዱ ሰዎች መሬቱን ሳሙ። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው መልቀቅ አቃታቸው። በዚያ በዓል ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ ሕፃን እንኳ አልነበረም ይባላል፤ ሕፃን ስለሆነ አላምንም።

ከዚያ ወዲህ ሻንጣው ወደ ቦታው ተመልሷል። የመቀሌ ልጅ ስጦታ በየት በኩል እንደሚገባ አሁን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በጭስ ማውጫ ሳይሆን በአሉላ አባ ነጋ ነው የሚገባው። የሚያመጣውም አጎት ነው፤ ከዴንቨር ወይም ከሲያትል ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ፣ ከላይ በገመድ ጠፍሮ ይመጣል። ጺሙ ሸብቷል፣ ሆዱ ሞልቷል፣ ጃኬቱ ቀይ ነው፣ ይስቃል። ሻንጣው ሲከፈት ቤተ ዘመድ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ጫማው ለማን እንደሚበቃ በሽምግልና ይታያል፤ ቫይታሚኑን አያት ይወስዱታል፤ ቸኮሌቱ በአርባ ሰው ይከፈላል። ሰንድብሎም ይህን አጎት ቢያገኘው መስተዋት ፊት ቆሞ ባልደከመ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ቀይ ለባሹን መቀሌ ራሷ ብትጨርሰው ምን ይመስል ነበር እላለሁ። ሆላንዶች ፈረስ ሰጥተውታል፣ ኒው ዮርኮች አጋዘን ሰጥተውታል፤ የእኛ ተራ ሲደርስ ምን እንሰጠዋለን? ልብሱ አያከራክርም። ያቺ እናት ጺሙን ፈትለው ጋቢ ያለብሱታል፤ ፊቱም ተላጭቶ ዕድሜው ይታወቃል። ለጭነቱ ከአፋር አሞሌ ጨው ሲያመጡ የኖሩ ግመሎች አሉ፤ ከአጋዘን የበለጠ ይሸከማሉ፣ በረዶ አይሹም፣ ቢያንስ እንበራለን አይሉም። ለከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃዋል፤ ሒሳቡን ግን አስቀድሞ ቢነጋገር ይሻላል፤ በዓል ነው።

ዋናው ጣጣ ሰዓቱ ነው። በአንድ ሌሊት የዓለምን ቤት ሁሉ አዳርሳለሁ የሚለው ወሬ እዚህ አይሠራም። ሮማናት ዳር ያለ የመጀመሪያው ቤት ሲገባ "ቁጭ በል" ይባላል። የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። ሜራ ብሎ ቢመልስ ከራያ ወዲህ ነው ከራያ ወዲያ ይባላል። ሣር ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተቆልቶ፣ ጭሱ በአፍንጫው ሥር ይዞርለታል። አወል ሳይጠጣ አይነሣም፤ ካልአይ ሳይጠጣ ቢነሣ ነውር ነው፤ በረካ ሳይጠጣ መሄድማ ቤቱን መርገም ነው። ጸብሒ ደርሆው ይቀርባል፣ ስዋው ይቀዳል፣ ጠግቤአለሁ ቢል በሞቴ ይባላል። ሲወጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ለመንገዱ ሕምባሻ በፌስታል ይቋጠርለታል፣ "ለልጆችህ" ተብሎ ነጭ ማር ይጨመርለታል፣ ልጆች የለኝም ቢል ለባለቤትህ ይባላል። ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ። በዚህ አያያዝ ጥምቀት ሲደርስ ሰውየው ገና ከአንድ ቀበሌ አይወጣም፤ ከረጢቱም በየቤቱ እየከበደ ስለሚሄድ ሌላ ግመል መከራየት አለበት።